የአያ እድሪስ ፍሬን

«ያ መምህሩን የሰበረው እድሪስ ሞተ አሉ።»

መርዶው እንዲህ ነው የደረሰኝ። ማክሰኝት፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ብሎ፣ እኔ የአንድ እህል ነጋዴ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን እየፈለግሁ። ሰው ሲሞት ነፍስ ይማር ይባላል። ለእስላሙም አላህ ይዘንለት ይባላል። መርዶና ስድብ ባንድ ጆንያ አስሮ የሚመጣ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

«ማንን ነው የሰበረ?» ብዬ ተነሣሁ።

«እኔ ምን አውቄ፤ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለ ሰውዬው ወደ ኋላው እየሄደ። ትከሻዬን አይቷል።

«ሲሉ የሰማኸውን እዚያው በሰማህበት ተፋው!»

ባለጎማው «ኧረ የኔስ ነገር?» ቢለኝ «ሙጫው ያውልህ፣ ራስህ ለጥፍ» ብዬው ሚኒባስ ላይ ዘለልሁ። ጎንደር ስደርስ ቀብሩ አልቋል። እስላም ሬሳ አያሳድርም። አንድ አካፋ አፈር ሳልጨምርለት ቀረሁ።

እኔ ማሩ እባላለሁ። ጎንደር ውስጥ ሳይክል ያለው ሁሉ ያውቀኛል፤ የማያውቀኝ ካለ ሳይክል የለውም። ባንድ እጄ ጎማ እፈታለሁ፣ በሌላው ሻይ እጠጣለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አራተኛን ሁለት ጊዜ ስለተማርሁት አምስት ብትሉትም አልቀየማችሁም። ይሄን የምነግራችሁ እንዲህ ያለሁት ሰው ከአያ እድሪስ ጎን ስቀመጥ ምንም እንዳልነበርሁ እንድታውቁልኝ ነው።

የምንሠራው ከአዲስ ዓለም ሰፈር ከፍ ብሎ፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ አንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበር። እሱ ፍሬንና ካምቢዮ፣ እኔ ጎማ። ቀጭን ነው፣ አንገቱ ረጅም፤ ነጭ ቆቡ ጠርዝ ጠርዙን በግሪስ የጠቆረ፤ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ ነው የሚውለው። ያገኘውን ሁሉ ያሸታል። ካቴና ያሸታል፣ ጎማ ያሸታል፣ ያመጣህለትን ብሎን ሳይቀር አፍንጫው ሥር አድርሶ ነው የሚቀበልህ። አንድ ቀን «አያ፣ እኔንስ ምነው አታሸተኝም?» ብለው፣ «አንተ ገና ከማዶ ሳለህ ነው የምትሸተኝ» አለኝ።

ባጃጅ ከተማውን መሙላት በጀመረበት ጊዜ፣ ዲስክ ፍሬን ያላቸው ሳይክሎችም አብረው መምጣት ጀመሩ። ያቺ መሀል ጎማው ላይ ያለች የብረት ሳህን፣ ከግራ ከቀኝ ሁለት ትንንሽ ሸራዎች ቆንጥጠው የሚይዟት። የከተማው ሠሪ ሁሉ ፈራት። አያ እድሪስ ግን የመጀመሪያዋን ሳይክል ፊቱ ገትሮ ግማሽ ቀን ሲያያት ዋለ። አዲስ ሸራ ገጠመላት፣ ለባለቤቱ ሰጠ። ባለቤቱ በማግሥቱ «አይዝም!» ብሎ እየተሳደበ መለሰለት።

ሌላ ሰው ቢሆን ሸራው ነው ክፉ ይላል። እሱ ቆቡን አጥብቆ፣ በዚያ ዕድሜው ሳይክሏ ላይ ወጥቶ ቁልቁለቱን ወረደ። ገፍቶ ተመለሰ። ወረደ፣ ተመለሰ። ሲውል ሲውል ፍሬኑ እየያዘ መጣ። ማንም አልነገረውም፣ መጽሐፍም አላየም። በመዳፉና በአፍንጫው ነው ያገኘው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕግ አወጣ፤ አዲስ ሸራ የገባለት ሳይክል ሳይሟሽ ከጥላው ሥር አይወጣም።

«አንተ ማሩ፣ አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ሊጥ ብታፈስበት ምን ይሆናል?» አለኝ።

«ይጣበቃላ።»

«እንግዲያው ይሄም ይሟሻል። ሸራው ከገላው ላይ ትንሽ ትንሽ ለዲስኩ መቀባት አለበት። እስኪቀባው ድረስ አይተዋወቁም። ካልተዋወቁ ምኑን ይይዘዋል?»

አሟሟሹም የዋዛ አይደለም። ፈጠን ብለህ ትወርዳለህ፣ ፍሬኑን ቀስ ብለህ ትጨብጣለህ፣ ሳይክሉ የሰው እርምጃ ያህል ሲቀር ትለቀዋለህ። ጨርሰህ አታቆምም። በጋለበት አንቀህ ካቆምኸው ሸራው አንድ ቦታ ላይ ማኅተሙን ይመታና ዕድሜ ልኩን ሲያንቀጠቅጥህ ይኖራል። ይሄንን ሠላሳ ሦስት ጊዜ። ቁልቁለታችን ባንድ መውረድ ስድስት ጊዜ ቢያስይዝ ነው፤ ስለዚህ አምስት ስድስት ጊዜ ሳይክል እየገፉ ዳገት መውጣት አለ። ለመቁጠሪያ ሠላሳ ሦስት የብሎን ዳዶ በፍሬን ሽቦ ሰክቶ መሪው ላይ ያስራል፤ አንድ ጊዜ በያዘ ቁጥር አንዷን ዳዶ ወዲህ ያንሸራትታል።

አንድ ሽማግሌ ይሄን አይተው ተቆጡ። «አንተ እድሪስ! በሶላት መቁጠሪያ፣ በተስቢህ ትጫወታለህ?»

«ይሄ የአላህ አይደለም አባቴ፣ የሸራ ነው» አለ። «የአላህ ኪሴ ውስጥ ነው።»

መንገድ ዳር ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሲወርድና ሲወጣ ባዩት ቁጥር «አያ እድሪስ፣ ምነው ዛሬስ ምን ጠፋብህ?» ይሉታል። «ሠላሳ ሦስት ነገር ጠፋብኝ፣ ሃያውን አገኘሁ» ይላቸዋል እያለከለከ።

አንድ ጊዜ አንድ ሀብታም ነጋዴ ለልጁ የገዛውን ሳይክል ሊወስድ መጣ።

«ነገ» አለው አያ እድሪስ።

«ሸራው ገብቶ የለም እንዴ?»

«ገብቷል። አልተሟሸም።»

«እኔ ሸራ አስገባ አልሁህ እንጂ በልጄ ሳይክል ተንሸራሸር አልሁህ?»

አያ እድሪስ ካቻቢቴውን አነሣ፣ አዲሶቹን ሸራዎች አውልቆ በነጋዴው መዳፍ ላይ አስቀመጠ፣ አሮጌዎቹን መልሶ ገጠመ። «እንካ። አሮጌው የቀረችውን ያህል ይይዛል፤ ስንት እንደቀረችው አይደብቅህም። አዲስ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ውሸታም ነው።» ይሄንን አባባል በተናገረ ቁጥር ዞር ብሎ እኔን ያያል። ምነው እኔን? ሌላ ሰው ጠፍቶ?

እንግዲህ ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

መምህር ሰሎሞን ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ከተማ ነው የሚኖር፤ ዩኒቨርስቲ ያስተምራል። በሳይክል ይመጣል፣ በሳይክል ይሄዳል። ሲያልፍ ከሳይክሉ ወርዶ «አያ እድሪስ እንደምን ዋልህ? ማሩ እንደምን ዋልህ?» የሚል ሰው ነው። እኔን በስሜ ጠርቶ ሰላም የሚል የተማረ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ ያስመጣትን አዲስ ሸራ ይዞ መጣ። አያ እድሪስ አርብ ጧት ገጠመለት። ከዚያ ጁምዓ ደረሰ። እጁን በአሸዋና በሳሙና ፈትጎ ታጠበና ዳዶዎቹን መሪው ላይ አሰረልኝ።

«ሠላሳ ሦስት። አንዷን እንዳታስቀር። ስመለስ ደግሞ እኔ አየዋለሁ።»

«አያ፣ እኔ እኮ ማሩ ነኝ!»

«እሱን ነው የፈራሁት» ብሎኝ ሄደ።

ሁለት ጊዜ ወረድሁ። ሁለት። በሁለተኛው የነርስ ተማሪዎች መንገድ ዳር ቆመዋል። እኔ ደግሞ ልጃገረድ ቆማ እያየችኝ ቀስ ብዬ ፍሬን የምይዝ ሰው ነኝ? የኋላውን አንቄ ጎማውን አቧራ አስነሥቼ አዞርሁት። ጮኹ። ደስ አለኝ። ከዚያ ዳገቱን ቀና ብዬ ሳየው ፀሐዩ አናት ይበሳል። ገፍቼ ወጣሁ፣ ጥላው ሥር ተቀመጥሁ፣ የቀሩትን ዳዶዎች በጣቴ ባንድ ጊዜ ሸርተት አድርጌ ወዲህ አመጣኋቸው። ሠላሳ ሦስት።

መምህሩ ከቀጠሮው ቀድሞ ከተፍ አለ። «አለቀ?»

«አልቋል! እኔው ነኝ ያሟሸሁት። በዚህ ፍሬን አውሮፕላን ታቆምበታለህ።»

ሳቀ። ወጣና ትንሽ ነድቶ ፍሬኑን ያዘ። ሲጢጥ! ሰፈር አስበረገገ። «ማሩ፣ ይጮሃል እኮ።»

እዚህ አገር የሚጮኽ ነገር ምን ይደረጋል? በር ቢጮህ ዘይት። መዝጊያ ቢጮህ ዘይት። የጋሪ ጎማ ቢጮህ ዘይት። የካቴና ዘይት የነካ ጨርቄን አነሣሁና ጎንበስ ብዬ ዲስኩን ግራ ቀኝ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት። ደግሞ ሞከረው፤ ጭጭ። «ጎበዝ!» አለኝ መምህሩ። ጎበዝ አለኝ። በዲስክ ላይ የገባ ዘይት ሸራውን አጠጥቶ እንደሚገድለው አላውቅም ነበር። አያ እድሪስ አልነገረኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበማ!

አያ እድሪስ ከሶላት ሲመለስ ሳይክሉ የለም። ፈትቼ ያስቀመጥኋቸውን ዳዶዎች አያቸው። ከዚያ ሸሚዜን አየ።

«ላብህስ?»

«ንፋስ ነው ያደረቀው።»

ጨርቁ መሬት ላይ ነበር። አነሣና አሸተተው። ፊቱ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። አልተቆጣኝም። ያገኘውን የሰው ሳይክል ጎትቶ ወጣበትና ወደ አዘዞና ፀዳ በሚወርደው መንገድ፣ ስድሳ ያለፈው ሰው፣ ቆቡ በንፋስ ወድቆ፣ «ሰሎሞን! ያ ሰሎሞን!» እያለ ተፈተለከ። እኔ በእግሬ ከኋላው።

አልደረሰበትም። መምህሩ መታጠፊያው ላይ አህያ ገብቶበት ፍሬኑን ቢጨብጥ አልያዘለት፤ አህያውን ሊያድን ወደ ዳር ዞረና የድንጋዩ ቦይ ውስጥ ገባ። ስደርስ እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ሰው ተሰብስቧል። አንዱ ሳይክሉን አንሥቶ ፍሬኑን እየጨበጠ ይጮሃል፤ «ማነው ይሄን የሠራ? ማነው ይሄ ነፍሰ ገዳይ?»

አፌን ከፈትሁ። በእመቤቴ ከፍቼ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ አያ እድሪስ። «የሠራሁት እኔ ነኝ። ከእጄ ነው የወጣ።»

የመምህሩ አጥንት ገጠመ፣ እግሩ ግን አጠረ። አያ እድሪስ ሽማግሌ ይዞ ፀዳ ድረስ ሄደ። የመምህሩ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ገባ። እሱ! እኔ ውጭ ቆሜ የሽማግሌዎቹን ሳይክል እጠብቅ ነበር። ሲወጣ አንገቱ ላይ የድንጋዩ አፈር ነበረበት፤ አላራገፈውም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ያዝሁት። «አያ፣ እናገራለሁ። ነገ ለመምህሩ እነግረዋለሁ።»

«ዝም በል።»

«ምነው? እኔ ያጠፋሁትን አንተ ምን ቤት ነህ?»

«አንተ ገና ምን ስም አለህና ነው የሚነሣብህ? እንዲህ አደረገ ከተባልህ እስክታረጅ አንዲት ጎማ የሚሰጥህ የለም። የኔ ስም የአርባ ዓመት ነው። ሦስት ወር ይረግሙኝና ይረሱታል።» ከዚያ ቆመና ጣቱን ደረቴ ላይ ተከለ። «እኔ በሕይወት እያለሁ ከተናገርህ፣ ወላሂ ቀብሬ ላይ እንዳትቆም።»

አያ እድሪስ ስለ ፍሬን ተሳስቶ አያውቅም። ስለ ሰው ግን ተሳሳተ። ሦስት ወር አለ፤ ሦስት ዓመትም አልረሱት። ዲስክ ያለው ሳይክል ሁሉ ሌላ ቦታ መሠራት ጀመረ። ያ ሸራውን በመዳፉ የተቀበለ ነጋዴ «እኔማ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር» እያለ አወራ። አያ እድሪስ ከቀሩት ጥቂት ደንበኞች የአንዱን ሲያሟሽ ባጃጅ ነጂዎቹ ፍጥነት ቀንሰው «አያ እድሪስ፣ ዛሬ ተራው የማን እግር ነው?» ይሉታል። አንዱን ከባጃጁ ጎትቼ አፉን አልሁት። አያ እድሪስ እጄን ይዞ ወስዶ ይቅርታ አስጠየቀኝ። እኔን! ለዚያ ለባለጌ! እንዲያ ስናደድ ጊዜ ነው ጥላውን ትቼ ማክሰኝት የወረድሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ? «ዝም በል» ያለኝ ጊዜ ደስ ብሎኛል። እሱን ሳስበው ነው ራሴን በቡጢ የምለው።

ያን ቅዳሜ ከሚኒባስ ወርጄ ለቅሶው ድንኳን ገባሁ። ወንዶቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። መምህር ሰሎሞን ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አንድ ጥግ አለ። ያ ነጋዴም አለ፣ ሟችን እያመሰገነ።

«ሸጋ ሰው ነበር። ሃይማኖተኛ። ያቺ የፍሬኗ ነገር ናት እንጂ...»

«የፍሬኗ ነገር ምን?» አልሁ በቆምሁበት።

«ኧረ ማሩ፣ ተቀመጥ፣ መንገድ መጥተሃል።»

«አልቀመጥም! መምህሩን የሰበርሁት እኔ ነኝ። አያ እድሪስ ጁምዓ ነበር። አሟሽ ብሎኝ አላሟሸሁም። አታለልሁት። ዘይትም የቀባሁት እኔ ነኝ። እናንተ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ንጹሕ ሰው በላችሁ!»

አሁን ይነሡብኛል፣ አሁን ይደበድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ልደበደብ ነው የመጣሁት። አንድ ሽማግሌ ግን እንባ አቅርረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አያችሁ? ወዳጅ ማለት ይሄ ነው። የሙቱን ስም ለማዳን ጥፋቱን በራሱ አደረገው።»

«አባቴ፣ እውነቴን ነው!»

«እናውቃለን ልጄ፣ እናውቃለን።»

ነጋዴው ፈገግ አለ። «ማሩ እኮ ድሮም እኔ ነኝ ማለት ይወዳል። ጅብ ባንድ እጄ ያዝሁ ያለው ረሳችሁት?»

ሳቁ። በለቅሶ ቤት፣ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ሳቁ። እኔም ምን ልበል? ስለ ጅቡ ብያለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስዋሽ ሁሉም ሰምቶኛል፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር ሙገሳ አመጣብኝ። አንዱ እጄን ስቦ ያስቀምጠኛል፣ አንዱ ውኃ ያቀርብልኛል። ጀግና አደረጉኝ። ድንኳኑን ገልብጬ ብሄድ ደስ ባለኝ።

«ምን ነበር ጨርቁ ላይ?»

መምህሩ ነው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«የካቴና ዘይት» አልሁ።

«ሳይክሉ ይጮህ ነበር። አስታውሳለሁ። ጎንበስ ብለህ ጠረግኸው፣ ዝም አለ።»

«አዎ።»

«ጎበዝ ብዬህ ነበር።»

«አዎ መምህር። ጎበዝ ብለኸኛል።»

መምህሩ ምርኩዙን ተክሎ ተነሣ። ሊደግፉት የተነሡትን በእጁ መለሳቸው። እየረገጠ፣ ያቺን ያጠረች እግሩን እየጎተተ፣ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ሄደና እትዬ ዘይነብ፣ የአያ እድሪስ ሚስት፣ ፊት ቆመ። ሁሉም ይሰማል።

«ባልሽን ለአራት ዓመት ሳማው ኖርሁ። ልጁ እውነቱን ነው። ባልሽ አልነካኝም። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

እትዬ ዘይነብ ሻሿን ወደ ፊት ሳበች። «እሱ ገና ዱሮ አፉ ብሎሃል። እኔም አፉ ብያለሁ።» ከዚያ ቀና ብላ በሰዉ መካከል እኔን ፈልጋ አገኘችኝ። «አንተ ግን ማሩ፣ ምነው እስከ ዛሬ?»

መልስ ነበረኝ። ወላሂ ብሎ ምሎብኝ ነው፣ ቀብሬ ላይ እንዳትቆም ብሎኝ ነው ልላት እችል ነበር። ቀብሩ ላይስ መቼ ቆምሁ? አላልሁም። በሱ ምላስ ተደብቄ አራት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ይበቃል።

ከዚያ ወዲህ የነጋዴው ወሬ አፉ ላይ ደረቀ። ባጃጅ ነጂዎቹም ስሙን ሲያነሡ «አያ» ብለው ነው። እኔ ተመልሼ ቆርቆሮው ሥር እሠራለሁ። መምህር ሰሎሞን ግን ከድንኳኑ ከወጣ ወዲህ አላናገረኝም። ድሮ ማሩ እንደምን ዋልህ የሚለኝ ሰው፣ አሁን ከሩቅ ሲያየኝ መንገዱን ይሻገራል። በዚያች እግሩ። ይሻገር። እኔ የያዝሁትን ጎማ አስቀምጬ እቆማለሁ፣ ቁልቁል የሚመጣውን ባጃጅ በእጄ አስቆማለሁ፣ ማዶ እስኪደርስ እጠብቀዋለሁ። ሲደርስ ቁጭ ብዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ።